መስመሬን ጠጋ ጠጋ አድርጊልኝ

ቅናተኛ ሴት ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ በኋላ ስትደርሱበት እንዳትገረሙ ነው። እናቴ «አንቺ እኮ ጡት ሳስጥልሽ ያለቀስሽው ወተቱ ቀረብኝ ብለሽ ሳይሆን ማን ሊጠባው ነው ብለሽ ነው» ትለኛለች። ብታጋንንም ብዙ አልራቀችም።

ያን ጊዜ ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የሕትመት ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ገጽ ማቀናበር ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የእድር ደንብ፣ የተማሪዎች መጽሔት፣ ለቀብር የሚታደል የሕይወት ታሪክ፤ ሰው በብጣሽ ወረቀት ሞነጫጭሮ ያመጣውን እኔ ኮምፒውተር ላይ በዓምድ በዓምድ ከፍዬ ለዓይን የሚስብ አደርገዋለሁ። እኛ ሰፈር አብዛኛው ሥራ በሁለት ቋንቋ ነው። በአንዱ ዓምድ አማርኛ፣ በአንዱ ኦሮምኛ ይገባል። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለቱ ዓምዶች መቼም እኩል አያልቁም። ያው ነገር በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ ይረዝማል። እኔ ደግሞ አንዱ ከሌላው ካነሰ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል። ስለዚህ ያጠረውን ዓምድ መስመሮቹን በትንሹ አራርቅና ከጎረቤቱ እኩል አደርሰዋለሁ። ማንም አያስተውልም።

ባለቤቴ ደረጀ ከእኔ በፊት የወለዳት ልጅ አለችው። ስሟ ኬና ነው፤ ሱሉልታ ከእናቷ ከለሊሴ ጋር ትኖራለች። ከመጋባታችን በፊት ሲነግረኝ «ምን ችግር አለው?» ብዬው ነበር። ችግሩ ቅዳሜ ቅዳሜ መጣ። በየቅዳሜው ጠዋት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ሱሉልታ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ሲመጣ ሸሚዙን የማጥፍለት መስዬ እቀበለውና አሸተዋለሁ። ጭስ ጭስ ካለኝ ማጀት ድረስ ዘልቋል ማለት ነው። ሳሙና ሳሙና ካለኝ የባሰ ነው። «ታዲያ ልጅቷን እዚህ እያመጣህ ለምን አታያትም?» ይላል ሰው። ኬና በዓይኗ ቁርጥ እናቷን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በገዛ ቤቴ የለሊሴ ዓይን እንዲያየኝ አልፈለግኩም፤ ይኸው ነው።

ያ ቅዳሜ የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ በተጋጋለበት ሰሞን የዋለ ነበር። ጠዋት «ዛሬስ ቅር፣ መንገዱ አያስተማምንም» አልኩት። ስለ መንገዱ ብቻ አለመሆኑን እሱም ያውቃል። «ኬና ትጠብቀኛለች» ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ በሱሉልታም በቡራዩም በእኛም በኩል መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘጋ። አመሻሽ ላይ ደወለ።

«መኪና የሚባል የለም። እዚሁ ማደሬ ነው» አለኝ።

«እዚሁ የት?» ስለው መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ኔትወርክ ጨርሶ ጠፋ።

ያን «የት?» እሑድን ሙሉ ለራሴ ስደጋግመው ዋልኩ። ሰው ከተማው ምን ይሆን፣ ልጆቻችን ምን ይሆኑ እያለ ይጨነቃል፤ እኔ ለሊሴ ቤት ስንት አልጋ አለ እያልኩ እጨነቃለሁ። አፈርኩ እንጂ አላቆምኩም።

ሰኞ ጠዋት ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝና ወደ ሥራ ሄድኩ። አለቃችን የሚኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ መምጣት አልቻለም። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ መንገዱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ነበር። የሕትመት ቤቱን የብረት መዝጊያ እስከ ወገቤ ብቻ ከፍ አድርጌ ገባሁና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ብዙም ሳልቆይ መዝጊያው ተንኳኳ።

ጎንበስ እያሉ አራት ሰዎች ገቡ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበችና ትልቋ ልጃቸው ሶሬቲ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሌሎቹ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትና አንድ ጎልማሳ ነበሩ። ሴትዮዋ ከእትዬ ዘነበች ርቀው፣ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።

«አካም ቡልተን» አልኳቸው፤ እንዴት አደራችሁ ማለቴ ነው።

ሶሬቲ ጠጋ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ሌሊት አርፈዋል፤ ቀብር ከሰዓት ነው። ሴትዮዋ አዴ ደሚቱ የሱሉልታዋ ባለቤታቸው፣ ጎልማሳው ገመቹ ልጃቸው ነው። በሽታው መክበዱን ሰምተው ቅዳሜ ጠዋት መጡ፤ መንገዱ ከበስተኋላቸው ተዘጋ። የቀሩት ልጆች ሱሉልታ ናቸው።

ኦቦ ቶሎሳ ሁለት ቤት እንዳላቸው ሰፈሩ ያውቅ ነበር። በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ ከሱሉልታ ወጥተው ሰበታ ቀሩ፤ የመጀመሪያዋን ሳይፈቱ ሁለተኛዋን አገቡ። እስከዚያ ቅዳሜ ግን ሁለቱ ጣውንቶች አንድ ጣሪያ ሥር ገብተው አያውቁም።

እትዬ ዘነበች በሶሬቲ እጅ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝ፤ ገመቹም በቁቤ የጻፈውን አወጣ። እያንዳንዱ የአንድ ሰው ሕይወት ነው፤ ግን ሁለቱን አንብቦ አንድ ሰው ነው የሚል የለም። በሰበታው ወረቀት ኦቦ ቶሎሳ የተወለዱት ሰበታ ፋብሪካ የተቀጠሩ ዕለት ይመስላል። በሱሉልታው ደግሞ ከመንደሩ ከወጡ በኋላ ምንም አልሠሩም። ልጆቻቸውም እንደዚያው፤ የዚህኛው ቤት ልጆች እዚያ፣ የዚያኛው እዚህ የሉም።

«በግራ በኩል የእኔ ይሁን» አሉ እትዬ ዘነበች። «ሰው ማንበብ የሚጀምረው ከግራ ነው።»

አዴ ደሚቱ ገመቹን ምን አለች ብለው በኦሮምኛ ጠየቁት። ሲነግራቸው «ይሁን፤ ቀኝ ይሻላል» አሉ። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው።

«ፊደሉም እኩል ይሁን» ቀጠሉ እትዬ ዘነበች። «የማንም እንዳይደምቅ።»

እሺ ብዬ ጀመርኩ። እዚህ ላይ የሆዴን ልንገራችሁ፤ እኔ ከእትዬ ዘነበች ጋር ነበርኩ። እኔም ሁለተኛ ነኝ። ከኋላዬ ግድግዳ የተጠጉት አሮጊት የለሊሴን መልክ ይዘው ነበር የሚታዩኝ። ከባለቤቴ ጋር ሱሉልታ ቤት ውስጥ የተቀመጠችውን ሴት ምንም ማድረግ ስለማልችል፣ እኚህን እናት አኮረፍኳቸው።

ፎቶውን ከላይ አድርጌ ሁለቱን ዓምዶች ዘረጋሁ። የግራው አጠረ፤ እንደ ልማዴ መስመሮቹን አራርቄ እስከ ግርጌ አደረስኩት። የቀኙ ግን ሞልቶ ተረፈ። ከሥሩ ትንሽ ቀይ የመደመር ምልክት ብቅ አለች። ይህች ምልክት ጽሑፉ ሳጥኑ አልበቃውም፣ ቀሪው አለ ግን አይታይም ማለት ነው። አትፍረዱብኝ፣ ደስ አለኝ።

እትዬ ዘነበች በአጠገቤ መጡና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው የሁለቱን ዓምዶች ርዝመት ለኩ። እሳቸው ዘወር ሲሉ አዴ ደሚቱ ቀስ ብለው ተጠግተው በራሳቸው ጣት ለኩ። ሁለቱም እኩል መሆኑን አምነው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

«ግን የቀኙ አልበቃም» አልኩ። «ከመጨረሻው የተወሰነ ውጭ ቀርቷል። መቀነስ አለበት።»

«በጀርባው አይቀጥልም?» አለ ገመቹ።

«ቀለሙ ሊያልቅ ነው። ከመርካቶ ካልመጣ ደግሞ ሌላ የለም፤ መንገዱን ታውቀዋለህ። አንድ ገጽ ብቻ ነው የምችለው።»

«ፊደሉን ማሳነስስ?»

«ከዚህ ካነሰ ሽማግሌ አያነበውም። ደግሞ እኩል ይሁን ተብሏል።» ይህን ስል እትዬ ዘነበችን አየሁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ገመቹ ወረቀቱን እያየ ላቡን ጠረገ። «እንግዲያው የፈረሱን ነገር እናውጣው» አለ። አባቱ በወጣትነታቸው በሱሉልታ ሜዳ የታወቁ ፈረሰኛ እንደነበሩ የሚናገር ረዘም ያለ አንቀጽ ነው።

አዴ ደሚቱ ይህንን ያለ አስተርጓሚ ሰሙ። «ፈረሱ አይወጣም» አሉ በአማርኛ። «በእሱ ፈረስ ነው እኔን ያየኝ።»

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ወደ መዝጊያው አዞሩ። እሳቸውን ኦቦ ቶሎሳ የቀረቧቸው በፋብሪካ ሰርቪስ እንጂ በፈረስ አልነበረም።

«ውጭ የቀረው ምኑ ነው?» አሉ አዴ ደሚቱ።

አየሁት። የልጆቻቸው ስም ነበር። ያኔ ሥራዬ ያስተማረኝን መፍትሔ አቀረብኩ፤ በየሕይወት ታሪኩ የምንጽፈውን። «የገመቹን ስም አስገብተን፣ ‹እና ሌሎች ልጆቹ› ብለን እንዝጋው።»

ገመቹ ለእናቱ ተረጎመላቸው። አዴ ደሚቱ አልጮሁም። እኔን ሳይሆን የኮምፒውተሩን ስክሪን እያዩ በኦሮምኛ ተናገሩ። ሰበታ ተወልጄ ስላደግሁ ቃል በቃል ገባኝ።

«ልጆቼ መንገድ ተዘግቶባቸዋል። አባታቸውን አይቀብሩም፣ አፈር አይመልሱበትም። ስማቸው እንኳ ከመቃብሩ ላይ ከቀረ፣ ነገ አባት ነበራችሁ ብዬ ምን አሳያቸዋለሁ? ሌሎች ማለት እነማን ናቸው?»

በቤታችን ስለ ኬና ሲነሳ እኔ የምለው ትዝ አለኝ። ስሟን አልጠራም። «ወደዚያ ልትሄድ ነው?» ነው የምለው፤ ልጅቷ «ወደዚያ» ናት። እንዲህ ስላሰብኩ ቅናቴ የቀለለልኝ እንዳይመስላችሁ። ይልቅ ተናደድኩ፤ አሮጊቷ ሳያውቁኝ ገበናዬን የተናገሩብኝ መሰለኝ።

ሰዓቱ ይሄዳል። ከውጭ የሩጫ ኮቴ ተሰማ፤ ሶሬቲ መዝጊያውን ዝቅ አደረገችው። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ኮቴው እስኪርቅ ጠበቅን። በዚያ ዝምታ ውስጥ እትዬ ዘነበች ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ነበር።

«አንቺ ሰናይት» አሉኝ። «የእኔ መስመር ለምንድን ነው የተራራቀው? የእሷ እኮ ጥቅጥቅ ያለ ነው።»

ይህን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ያቀረበልኝ ሰው የለም። «ከእሳቸው ጋር እኩል እንዲያልቅ ብዬ ነው።»

«አልሞላም ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ አልሞላም።»

«ቦታ እያለኝ የሞላ አስመሰልሽው።»

«እኩል ይሁን ስላሉ ነው እትዬ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ሶሬቲን አዩ። ሲናገሩ ወደ ጣውንታቸው አልዞሩም።

«መስመሬን ጠጋ ጠጋ አድርጊልኝ» አሉ። «ልጆቹ እኔ ጋ ይግቡ።»

ሰው ምን ያህል እንደሚከብደው ከድምፁ ይታወቃል። ወዲያው ደግሞ ጣታቸውን አነሱ፦ «ግን ከልጆቼ በታች። በላይ አይሆንም። ደግሞ በአማርኛ ጻፊው፤ በእኔ በኩል የገባውን እኔ ላንብበው።»

ገመቹ ለእናቱ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት በእጃቸው አስቆሙት። ሰምተዋል።

የግራውን መስመሮች አጠጋጋሁ። ዓምዱ ወደ ላይ ተሰበሰበና ከሥሩ ነጭ ቦታ ተከፈተ። እዚያው ነበር፤ እኔ ነበርኩ የሸፈንኩት። «ስማቸውን ይንገሩኝ» አልኳቸው አዴ ደሚቱን። መጥተው በአንድ ጎኔ ቆሙ። እትዬ ዘነበች በሌላው ጎኔ ናቸው። ሁለት ባልቴቶች በመሃላቸው እኔን አድርገው ቆሙ።

«ገመቹ» አሉ። ጻፍኩ።

«ብርቄ። ጉደታ። ለሚ።» ጻፍኩ። እትዬ ዘነበች እያንዳንዱን ስም በከንፈራቸው ይደግሙ ነበር። ከገመቹ በቀር፣ ሠላሳ ዓመት ያህል የቀኑባቸውን ልጆች ስም ገና መስማታቸው ነው።

«ሶሬቲ» አሉ አዴ ደሚቱ።

እጄ ቆመ። እትዬ ዘነበች ቀና አሉ። «ሶሬቲ የእኔ ናት» አሉ፤ በጣታቸው በሩ አጠገብ የቆመችውን ልጃቸውን እያሳዩ።

«የእኔ በፊት ነበረች» አሉ አዴ ደሚቱ በተቆራረጠ አማርኛ። «ትንሽ ነበረች። ሳትድህ ሞተች። እሱ ነው የቀበራት፣ በእጁ።»

እትዬ ዘነበች ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ የመጣው ሐዘን አልነበረም፤ አውቀዋለሁ፣ የእኔው በሽታ ነው። «‹ሶሬቲ እንበላት› ያለኝ እሱ ነው» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። «ከየት አመጣኸው ስለው ዝም አለ። ለእኔ ልጅ ብቻ ያወጣላት ስም መስሎኝ ስንቱን ዘመን ስኮራበት!»

አዴ ደሚቱ ወደ በሩ ዞሩ። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። ሶሬቲ እናቷን አየች፤ እናቷ አልከለከሏትም። መጣች። አሮጊቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን ቀስ ብለው አዩ። ከዚያ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እትዬ ዘነበች ዞረው ተናገሩ።

«ስሟን አሳደግሽልኝ» አሏቸው።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጨብጠው አለቀሱ። ከሌሊት ጀምሮ ለባላቸው ያለቀሱት ለቅሶ አልነበረም ይሄ፤ ድምፁ የተለየ ነበር። አዴ ደሚቱ አላባበሏቸውም፣ አላቀፏቸውምም። አጠገባቸው ቆመው ብቻ ጠበቁ።

«ልጻፈው?» አልኩ ሲረጋጉ። «ሶሬቲ ሁለት ጊዜ ሊሆን ነው።»

«ሁለት ጊዜ ጻፊ» አሉ እትዬ ዘነበች።

ጻፍኩ። ዓምዱ ምንም ሳላራርቀው እስከ ግርጌ ሞላ። ስሞቹን ከቀኙ ዓምድ ስላወጣኋቸው ቀይዋ ምልክት ጠፍታ ነበር። አትሜ ሳስረክባቸው እትዬ ዘነበች የእሳቸው ልጆች ከላይ መሆናቸውን በጣታቸው አረጋገጡ፤ ከበሩም ቀድመው ወጡ። ታረቁ ብዬ አልዋሻችሁም።

ቀብሩ ላይ ሄድኩ። መንገድ ተዘግቶ ሰው ጥቂት ነበር። የሕይወት ታሪኩን አንዱ የእድር ሽማግሌ በአማርኛ፣ ገመቹ በኦሮምኛ አነበቡት። ሽማግሌው «ሶሬቲ» ብለው ትንሽ ወረድ ሲሉ ደግሞ «ሶሬቲ» ሲሉ ሰዉ ተያየ። ከኋላዬ አንዷ «ሰናይት ደግማ ጻፈችው፤ ስህተት ነው» አለች። እኔ በሥራዬ ስህተት አገኙብኝ ሲባል ሣምንት የምታኮርፍ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ስህተት ይሁን ብዬ ተውኩት። ሁለቱ ባልቴቶች በየራሳቸው ወገን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ስሙ ሲጠራ ሁለቱም አንድ ጊዜ ቀና አሉ።

ደረጀ መንገዱ ሲላላ መጣ፤ ገሚሱን በእግሩ፣ በቡራዩ በኩል ዞሮ። ጫማው አቧራ ብቻ ሆኗል። ውኃ ሳልሰጠው «የት አደርክ?» አልኩት።

«ለሊሴ ቤት» አለኝ። «ሳሎን፣ ወንበር ላይ። በጥይቱ ድምፅ ኬና ፈርታ እጄን ይዛ ነበር የምትተኛው።»

እርር ድብን አልኩ። ሸሚዙን ተቀበልኩና የማጥፍ ሳልመስል፣ ፊት ለፊቱ አሸተትኩት። ጭስ ጭስ ይላል። ደረጀ አየኝ፤ ስንት ዓመት ሳደርገው እንደኖርኩ ያኔ ሳይገባው አይቀርም።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ኬናን ይዘሃት ና» አልኩት።

«ከልብሽ ነው?»

«አላውቅም። ይዘሃት ና።»

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከእናንተ መሃል እንደኔ በቅናት የሚነዱ አይጠፉም። ቅናቴ ያን ቀን ተቀበረ ብዬ ልሸነግላችሁ አልችልም፤ ዛሬም ደረጀ ስልኩ ሲጠራ ዓይኔ ቀድሞ ያነሳዋል። የተለወጠው ሌላ ነው። ቤቴ ሞልቷል፣ ለሰው ቦታ የለኝም ስል የኖርኩት መስመሬን አራርቄ እንደነበር አየሁ። እትዬ ዘነበች ቅናታቸውን ሳይጥሉ ነው ቦታ የለቀቁት፤ «ከልጆቼ በታች» እያሉ። ቅናት እስኪለቀን ብንጠብቅ ስንቱ ልጅ ውጭ ይቀር ነበር? ለእኔ የገባኝ ይህ ነው፤ ለእናንተ የገባችሁን እናንተ ታውቃላችሁ።

ኬና በዚያ ቅዳሜ መጣች። ብርቱካኑን በፌስታል የያዘችው ያን ቀን እሷ ነበረች፤ እናቷ ልካት ይሁን አባቷ ገዝቶላት አልጠየቅኩም፤ መልሱን ስለምፈራ። ዓይኗ እንደተባለው ነው። ምሳ ቀርቦ እኔና ደረጀ ትሪውን ከብበን ተቀምጠን እሷ ዳር ላይ ቆመች፤ የት እንደምትገባ ጠፍቷት ነበር።

«ጠጋ በል» አልኩት ደረጀን።

ተጠጋ። እኔም ተጠጋሁ። ኬና በመሃላችን ገብታ ተቀመጠች። በልተን ስንጨርስ ደረጀ አንድ ብርቱካን አንስቶ ሊልጥላት ሲል ከእጁ ቀማሁትና እኔ ላጥኩላት።